ብቻውን የሚንጣጣው ብረት

በሱዳኗ ገዳሪፍ ከአንድ ሰሊጥ መጭመቂያ አጠገብ ባለች ዋርሻ፣ በብረት መጠገኛ ቤት፣ በብየዳ እሠራ ነበር። ሥራችን በአብዛኛው ሰሊጡን እየገፋ የሚጨምቀውን ጠምዛዛ ብረት ማደስ ነው። ሰሊጥ ለስላሳ ቢመስልም አፈር ተቀላቅሎበት ሲመጣ ብረት ይበላል።

በኋላ ከኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ አንድ አዛውንት መጥተው ተቀጠሩ። በትግራይ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ብረታ ብረት ያስተማሩ ስለነበሩ ሁላችንም መምህር እንላቸዋለን። ግራ ዓይናቸው ነጭ ሆኗል። ከጦርነት የመጣን ሰው ስለ አካሉ መጠየቅ ነውር ስለሆነብን ማንም አልጠየቃቸውም።

መምህር ከወርቅ ሠሪዎች ቦራክስ፣ ወርቅ ሲበየድ የሚነሰነሰውን ነጭ ዱቄት፣ አስገዙ። የተሰበረ ጥቁር የቢላ መሳያ ድንጋይ ወቅጠው አላሙት። ቦራክሱ በወፍራም ብረት ድስት ቀልጦ እንደ ማር ሲሆን የድንጋዩን ዱቄት ጨመሩበት፤ ከጠምዛዛውም አንድ ቁራጭ ነከሩና ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ እሳቱ ላይ አቆዩት።

"ምን እየሆነ ነው፣ መምህር?" አልሁ።

"ዱቄቱ ከቦራክሱ ውስጥ ቦሮን የሚባለውን ያላቅቀዋል። ቦሮኑ ብረቱ ውስጥ ይገባል። እንደ ቀለም ላዩ ላይ አይቀመጥም፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ወደ ውስጥ እየተሰካ ያድጋል። ውፍረቱ ከጠጉር ባይበልጥም እንዲህ ያለውን ብረት ሞረድ አይደፍረውም።"

ሲቀዘቅዝ መስታወት የመሰለውን የቦራክስ ቅርፊት በፈላ ውሃ አጠብነው። ብረቱ አመድማ ሆኖ ወጣ። ሞረድ አሳረፍሁበት፤ ሞረዱ ተንሸራተተ። ብረት ሲሞረድ ይጮሃል፤ ይህኛው ዝም አለ።

ሁለተኛውን ቁራጭ ለእኔ ተዉልኝ። ይበልጥ ይጠንክር ብዬ፣ ሳልነግራቸው ዱቄቱን አበዛሁት፤ እሳቱም ላይ ከልኩ በላይ አቆየሁት። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት።

ሐሩሩ ሰው ሁሉ ወደ ጥላ የሚሸሽበት ሰዓት ነበር። ማሽን አይሠራም። ከጠረጴዛው ላይ ጣ አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጣ፣ ጣ። የነካው የለም። ገፊሩ፣ ሱዳናዊው ዘበኛችን፣ በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ።

"ቢስሚላህ" አለና ጫማውን ሳያጠልቅ ወጥቶ ሄደ።

እኔ ግን የጠራኝ ያህል ተጠጋሁ። ጆሮዬን ላስጠጋ ጎንበስ ስል መምህር ከኋላ ኮሌታዬን ይዘው ሳቡኝ። የዚያኑ ጊዜ አንድ ስንጣሪ በጉንጬ አጠገብ አልፎ መዝጊያው እንጨት ላይ ተሰካ።

"ዱቄት ጨምረሃል?"

"ጨምሬያለሁ።"

"ቦሮን ሲበዛ ከመጀመሪያው ሽፋን በላይ ሌላ ሽፋን ይሠራል፤ እሱ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ነው። ሲቀዘቅዙ ሁለቱ እኩል አይሰበሰቡም። አንዱ ሌላውን ይስበዋል፤ ከዚያ ይተፋዋል።" በጣታቸው ነጩን ዓይናቸውን ነኩ። "እኔም እንዳንተ ለመስማት ጎንበስ ብዬ ነው። ሰው ሁሉ የጦርነት ይመስለዋል።"

ብረቱን በቆርቆሮ ጣሳ ከድነን ውጭ ተቀመጥን። ከሥር ሆኖ አልፎ አልፎ ይንጣጣል፤ እኛም እንሰማዋለን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ዝም አለ። ስንከፍተው ቆዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት ረግፎ ጣሳው ውስጥ ተበትኗል።

በማግሥቱ ሥራውን ደግመው ሰጡኝ፤ አልተቆጡኝም። ዱቄቱን ቀነስሁ፤ በሰዓቱም አወጣሁት። አልተንጣጣም። የቀሩትንም ቁራጮች እንዲሁ ነክረን ገጠምናቸው፤ ጠምዛዛው ያን ወቅት ሙሉ ሳይታደስ ሠራ።

"ምን ቀባችሁት?" አለኝ የመጭመቂያው ባለቤት።

"አልቀባነውም። ገብቶበት ነው" አልሁት።

ገፊሩ ሰምቶ፣ ጂን ያልሁ መስሎት፣ ፊቱን አዞረ።

ክረምቱ ሲገባ መምህር ወደ አገራቸው ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ሄዱ። ሊሰናበቱኝ ሲመጡ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በደኅናው ዓይናቸው ዓይኖቼን ተራ በተራ ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ የሚጠብቃቸው መኪና ላይ ወጡ።