የአራስ አጥሚት በፍልሰታ

«ዝናብ ጸበል ነው» ያለንን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ይህን የምጽፈውም ለይቅርታ መንገድ ልጠርግ ብዬ አይደለም።

ሰውየው የብስክሌት ማኅበራችን መሪ ነው፤ ሁሉም «አለቃ» ይለዋል። እኔ ወደ ማኅበሩ የገባሁት ተጎትቼ ነው። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ ሲሆን ብስክሌት የተማርኩት ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። ያስተማረችኝ አዲስ አበባ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ልጅ የምላት ልጄ ልትሆን ስለምትችል ነው፤ እሷም «እትዬ» ትለኛለች። ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች፣ «እትዬ፣ መሪው ላይ ምንም አልተጻፈም፤ መንገዱን እይ!» እያለች ነው ያስለመደችኝ።

በፍልሰታ ጾም ወደ መንዟ ከተማ ወደ መሐል ሜዳ ወጣን። ዕቅዱ በዘመሮ አቅጣጫ ወዳለ አንድ የገጠር ደብር በተራራ ብስክሌት ሄዶ ማስቀደስ ነበር። በክረምት፣ ያውም መንዝ ላይ! ጠዋት ያደርንበት ሆቴል ግቢ ስንሰበሰብ ጉሙ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ቤት ውጦታል። አለቃ ስልኩን ለአንዱ ሰጥቶ፣ እየተቀረጸ ንግግር ጀመረ።

«እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ልመና ያዙ። ቅዳሴው እስኪወጣ እህል ውሃ የለም። ዛሬ አንድ ነን፤ አንድ ሰው ከፈታ የሁላችንም ስእለት ፈረሰ ማለት ነው።»

«አሜን» አሉ። የማንን ስእለት ከማን ጋር ነው የሚያስረው? ሥልጣኑንስ ማን ሰጠው? የነፍስ አባቴ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ልጅቷ ግን ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ልመናዋን ሳልጠይቃት አውቀዋለሁ፤ የእናቷ ዓይን ነው። አንደኛው ጠፍቷል፤ ለቀረው ከፍልሰታ በኋላ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላቸዋል።

የዝናብ ልብሳችንም ቅያሪያችንም በመኪና ቀድሞ ሄደ። «ሸክም ያዘገያል» አለ አለቃ።

ከከተማው ብዙም ሳንርቅ ዝናቡ ጀመረ፤ ከዝናቡም ጋር በረዶ። የመንዝ ዝናብ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ነፋሱ ከጎን ያመጣዋል፣ ጎማው ከሥር ይረጨዋል። የጠጠሩን መንገድ ትተን ወደ እግር መንገዱ ስንገባ ደግሞ ጥቁሩ ጭቃ ጎማውና ጎማውን አቅፎ የያዘው ሹካ መሃል እየተጠቀጠቀ ብስክሌቱን ያቆመው ጀመር። በእንጨት እንጭራለን፣ ጥቂት እንሄዳለን፣ እንደገና እንጭራለን። አንድ ትምህርት ቤት ደረስን። በረንዳ ነበረው፤ ሰፊ፣ ደረቅ በረንዳ።

«እዚህ ብንጠለል?» አልኩ። በሰው መሃል ቃል መተንፈሴ ብርቅ ስለሆነ ሁሉም ዞሩ።

አለቃ ሳቀ። «እትዬ፣ ዝናብ ጸበል ነው! ጸበል ይሸሻል እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። ልጅቷም ሳቀች፤ ጥርሷ ግን ይንገጫገጭ ነበር።

ዳገቱ ላይ እኔና እሷ ወደ ኋላ ቀረን። እኔ ሁልጊዜም ኋላ ነኝ፤ እሷ ግን ቀርታ አታውቅም። ስትንቀጠቀጥ ቆየችና ድንገት መንቀጥቀጧ ቆመ። ብርድ ክፉኛ የመታው ሰው መንቀጥቀጡን ሲተው ተሻለው ማለት እንዳልሆነ የሆነ መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ። ሳነብ የሌላ አገር ወሬ መስሎኝ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ጣቶቿ ፍሬኑን መጨበጥ አቃታቸው፤ ብስክሌቱ በዝግታ ወደ ቦዩ ይዟት ገባ። ወደቀች እንኳ አይባልም፣ ተኛች።

«ተነሺ!»

«እትዬ፣ ትንሽ ልተኛ። አሁን አልበረደኝም።» ምላሷ ተሳስሯል።

ጮህኩ። አለቃ ከፊት ተመልሶ መጣ፤ ሌሎቹ ከታች ቆመው ያያሉ። ከብስክሌቱ አልወረደም። አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ «ፈተና ነው» አለ። «ሰይጣን የሚታገለው ልትደርሺ ስትዪ ነው። በርቺ እህቴ፣ ተነሺ!»

«ሰይጣን አይደለም፣ ብርድ ነው። መኪናውን ጥራ።»

«ኔትወርክ የለም እኮ። ቅዳሴው ሊያመልጠን ነው። በቃ፣ ቀስ ብላችሁ ድረሱ።»

ቀስ ብላችሁ ድረሱ! ብሎ ሄደ። የቀሩትም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሉት። አንድ የሚዞር ሰው እየጠበቅሁ፣ ጀርባቸው ጉም ውስጥ እስኪገባ አየኋቸው። አንድም ሰው አልዞረም።

ብስክሌቶቹን እዚያው ጥዬ፣ ብብቷ ሥር ገብቼ፣ ጭስ ወደሚታይበት የድንጋይ ቤት ጎተትኳት። በሩን የከፈቱልን አንዲት አሮጊት ናቸው።

«ውይ በሞትኩት! ምን ቆርጦ ጣላችሁ በዚህ ዶፍ?»

«በብስክሌት ነው የመጣነው፣ እማማ።»

«ማን አባሯችሁ?» አሉ፣ በክንዷ ይዘው እያስገቧት።

እርጥብ ልብሷን አወለቅንላት። አሮጊቷ ከአልጋቸው ላይ ባናውን፣ ያን ከባድ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ገፈው ጠቀለሏትና ኩበቱን ቆሰቆሱ። ከመጋረጃው ጀርባ ሕፃን አለቀሰ። የልጃቸው ሚስት አራስ ናት፤ እሳቱ ላይ የተጣደውም የእሷ አጥሚት ነው።

«ከዚህ ትጠጣ» አልኩ።

አሮጊቷ ፊቴን አዩት። «ልጄ፣ የአራስ እኮ ነው። ቅቤ አለበት፣ ወተትም አለበት። ትንሽ ታገሽኝ፣ የጾም ልሥራላት።»

«እሷ ጊዜ የላትም፣ እማማ።»

ልጅቷ ሰማች። ኩባያውን ሳቀርብላት በእጇ ጀርባ ገፋችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «በፍልሰታ? በቅቤ?» አለች፤ ቃሉ አፏ ውስጥ ይንከባለላል። «እኔ ከፈታሁ... የእማዬ ዓይን...»

አሮጊቷ፣ «የታመመ ምን ጾም አለው? እመቤቴ አታውቅም?» ብለው ለመኗት። አራሷም ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ጠጪ እህቴ፣ ለኔ ሌላ ይሠሩልኛል» አለች። እኔም ተቆጣሁ፣ ለመንኩ። ወይ ፍንክች! ከንፈሯ የአመድ መልክ ይዟል፣ ዓይኗ ይከደናል፣ እሷ ግን የዚያን ሰውዬ ሕግ ትጠብቃለች። እሱ ደግሞ ይሄኔ ከመኪናው ደረቅ ሹራቡን አውጥቶ ለብሷል።

ንዴቴ መላ ያመጣልኝ ያኔ ነው። ሕግ ካሉ፣ ሕጉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። ኩባያውን አነሳሁና ፊት ለፊቷ እኔው ጠጣሁ። ፍልሰታን ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አንድ ቀን ገድፌ አላውቅም። ትኩሱ ቅቤ ጉሮሮዬን ሲወርድ እንባዬ መጣ፤ ግማሹን ጨርሼ ኩባያውን አፏ ሥር ያዝኩላት።

«አየሽኝ? ፈታሁ። ያውም በቅቤ። አንድ ሰው ከፈታ የሁላችንም ፈረሰ አይደል ያለው? ይኸው ፈረሰ፤ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። አንቺ የምትጠብቂው የቀረ ነገር የለም። ጠጪ!»

አየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ በጥላቻ ያየኝ ሰው የለም። ከዚያ ጠጣች። እያለቀሰች ጠጣች፤ ሲደገምላትም ጠጣች። ቆይቶ መንቀጥቀጧ ሲመለስ እኔም መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ።

የአሮጊቷ ልጅ ብስክሌቶቻችንን ከቦዩ አውጥቶ፣ መንገድ ላይ የጭነት መኪና አስቁሞልን ወደ መሐል ሜዳ ተመለስን። ሌሎቹ አመሻሽ ላይ ደረሱ። ልጅቷ ከመኝታ ክፍሏ ወርዳ አለቃን አገኘችውና የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ይቅርታ ጠየቀችው! እሱን!

እራት ላይ ተነስቶ፣ «በእህታችን አልፈርድም፤ ያሳታት አለ» አለ። እኔን አላየኝም።

«ያሳትኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «አንተንስ ቦይ ውስጥ ጥለሃት ስትሄድ ማን አሳተህ?»

አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለክፉ ቃል መልስ የለኝም። ስእለታችንን ለመካስ ነገ እንደገና እንወጣለን፤ በሞላሌ በኩል፣ እንደዛሬው እህል ውሃ ሳንቀምስ። ማን አለ?»

መጀመሪያ የወጣው እጅ የእሷ ነበር። ጥፍሯ ገና ቀለሙ አልተመለሰም።

ጎህ ሲቀድ ዝናቡ አላባራም። ወደ ግቢው ወርጄ የብስክሌቷን የፊት ጎማ ፈታሁ፤ ጎማውን በትከሻዬ አንግቤ፣ የት እንደምሄድ ለሆቴሉ ዘበኛ ነግሬ፣ መናኸሪያ ሄድኩና የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

ረዳቱ፣ «እናት፣ ሌላው አካሉ የት ሄደ?» አለኝ።

«ይመጣል።»

ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው በዝናቡ ውስጥ እየሮጠች መጣች፤ የብስክሌት ልብሷን ለብሳለች።

«ጎማዬን አምጪ!»

«ግቢና ውሰጂው።»

«ሌባ! አንቺ ማን ነሽና ነው? እናቴ ትሁኚ?»

«እናትሽም ብትሆን ለሱ አሳልፋ አትሰጥሽም ነበር። ግቢ።»

«ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው!»

«ትናንትስ ጠበቁሽ?»

በሩን ይዛ ቆመች፤ ውሃው ከፀጉሯ ላይ ይወርዳል። ፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ወይ ግቢ ወይ ዝጊው፣ ብርዱ ጨረሰን!» አሉ።

ገባች። ከኔ ርቃ በሩ ጋ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ጎማውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ፣ ጭቃው ቀሚሴ ላይ እየደረቀ፣ አልለቀቅሁትም።