ጀርባውን ለመካ የሰጠው ዲሽ

ጭሮ ውስጥ ኡምኩልሱምን «አይሆንም» ብሎ ያሳመነ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ቦኬ ተወልዳ፣ በደሳ ተድራ፣ ባሏ ሲሞትባት ጭሮ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ልብስ ሰፊ ናት። ስትመለስ ከትዳሯ ይዛ የመጣችው አንድ የስፌት መኪና ብቻ ነበር። እሱንም ሰፍታበት አታውቅም፤ ይሰፋበት የነበረው ሟቹ ነው። የባሏ ወንድሞች «አንቺ ምን ልታደርጊበት ነው? ይልቅ እዚሁ ይቅር» ቢሏት ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሳስራ ይዛው ሄደች። መጀመሪያ የሰፋችው ሱሪ አንዱ እግሩ ከአንዱ ረዝሞ ሰፈሩን ሲያስቅ ከረመ። ፈታችው፣ ደግማ ሰፋችው፣ አሁንም ረዘመ፤ ደግማ ፈታችው። ዛሬ ገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ ናት፤ ያኔ የሳቁባትም ልጆቻቸውን እየጎተቱ የሚመጡት ወደ እሷ ነው። እልኽ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ። የኡምኩልሱም እልኽ ግን እስካሁን ሱሪ ነው ያሰፋት።

አባቷ አብዱረዛቅ በደህናው ዘመን ከሂርና ድሬዳዋ ጫት ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ጉልበታቸው ከድቷቸው፣ መንገዳቸው ሁሉ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆኗል። በከተማው ወግ ጺሙ የነጣን ሙስሊም ሁሉ «ሐጂ» ማለት የተለመደ ነው፤ መካ ሄደ አልሄደ ብሎ የሚመረምር የለም። አብዱረዛቅ ግን ይህን አይቀበሉም። ሊጠይቃቸው የመጣ ሰው ከበሩ ላይ «ሐጂ፣ እንዴት አደሩ?» ሲል፣ ከሰላምታው በፊት እርማቱ ይቀድማል።

«ሐጂ አይደለሁም። አልተጠራሁም።»

ሰው ሐጅ የሚሄደው አላህ ሲጠራው ነው፤ እሳቸው የሚያምኑት እንዲህ ነው። ደግሞም ሳይሞክሩ ቀርተው አይደለም። አንድ ዓመት ሊነሱ ሲሉ ድርቅ ሆነ። ሌላ ዓመት ሚስታቸው ታመሙና አስታማሚ ሆነው ቀሩ፤ ኋላም ቀበሯቸው። እንደገና ሲዘጋጁ ያ የዓለም በሽታ መጥቶ መንገዱ ለሁሉም ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት የእሳቸው ጉልበት ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስለ መካ ማውራት ትተዋል፤ የቀረቻቸው ያቺ አንድ ቃል ናት። ኡምኩልሱምን የምታንገበግባትም ያቺው ቃል ናት። አባቷ አመመኝ ቢሉ፣ አጣሁ ቢሉ ትችለው ነበር። አላህ ሳይጠራኝ ቀረ እያሉ እንዲሞቱ ግን አትፈቅድም።

ዘንድሮ የሐጅ ወር ሲገባ፣ ልብስ ልታሰፋ የመጣች አንዲት ደንበኛ መካን ሌት ተቀን የሚያሳይ ቻናል እንዳለ ነገረቻት። ካርድ የለው፣ ወርሃዊ ክፍያ የለው፤ የቤት ዲሽ ላለው ሁሉ ነጻ ነው። ችግሩ የእነ ኡምኩልሱም ዲሽ የአገር ውስጥ ቻናሎች ወዳሉበት ሳተላይት የዞረ መሆኑ ነው፤ የመካው ቻናል ደግሞ ዓረብሳት ላይ ነው ያለው። «እንግዲያው ይዞራላ» አለች ኡምኩልሱም፣ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ። ሑጃጁ፣ የሐጅ ተጓዦቹ፣ ዐረፋ ሜዳ ላይ በሚቆሙበት ቀን አባቷ ቤታቸው ቁጭ ብለው በዓይናቸው እንዲያዩ፣ በዚያው በረንዳ ላይ ቆረጠች።

የሰፈሩን ዲሽ ሁሉ የሚሠራው ሮቤል ነው። ሮቤል ጎበዝ ልጅ ነው፤ አንድ ጥፋቱ «ነገ» ማለቱ ነው። ነገ እያለ፣ ነገ እያለ ቀኑ ደረሰና ጠዋት ሲደወልለት ሂርና ሥራ ላይ ተገኘ። «ማታ እመጣለሁ» አላት።

«ማታማ ምን ያደርግልኛል? ፀሐይ ስትገባ ሑጃጁ ከሜዳው ይነሳሉ!» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። ከጎረቤት መሰላል፣ ከጋራዥ ባለ አስራ ሦስት የብሎን ቁልፍ ተዋሰችና ቀሚሷን ወገቧ ላይ አሸረጠች።

ጎረቤቷ ሮማነወርቅ መሰላሉን ስታይ እየሮጠች መጣች። «ምን ነካሽ አንቺ? የዐረፋን ቀን ጾመሽ ቆርቆሮ ላይ?»

«መሰላሉን ያዢልኝና ስትበሳጪ ዋዪ።»

በዚያ ሰፈር ጣሪያ የሚወጣ ወንድ አስቀድሞ ድምፁን ያሰማል፤ የየጓሮው ሴቶች እንዲሸፋፈኑ ነው። ኡምኩልሱምም ወጉን ማፍረስ አልፈለገችም፤ ቆርቆሮው ላይ ቆማ «ጣሪያ ላይ ነኝ፣ ተሸፈኑ!» ብላ ጮኸች። ከየግቢው ሳቅ ተነሳ። አንዷማ «አንቺው ተሸፈኚ፣ ከታች ሆነን የምናይሽ እኛ ነን!» አለቻት።

አብዱረዛቅ ከወንበራቸው ሆነው በመስኮት «ወደ ቂብላ አዙሪው!» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም። ለሰላት ወደ መካ ይዞሩ የለ? ከመካ የሚመጣ ምስልም ከመካ በኩል ነው የሚመጣው። ሮማነወርቅ እንኳ፣ ክርስቲያኗ፣ «ልክ ናቸው» ብላ አጸደቀች። ኡምኩልሱም ብሎኑን አላልታ የዲሹን ፊት አባቷ ወደሚሰግዱበት ወደ ሰሜን መለሰችው። ሮማነወርቅ ቤት ገብታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች።

«መጣ?»

«ሲግናል የለም ይላል!»

«አሁንስ?»

«አሁንም የለም ይላል!»

ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ቀና፣ ትንሽ ደፋ። የዙህር አዛን እስኪወጣ ድረስ ቂብላን ዙሪያዋን ስታስስ ዋለች። ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ጋለ፤ ጉሮሮዋ ደረቀ፤ ጠብታ ውሃ እንዳትቀምስ ጾመኛ ናት። በመጨረሻ እልኋን ውጣ ሮቤል ጋ ደወለች።

ሮቤል የሆነውን ሲሰማ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እቴ ኡሚ፣ ምስሉ እኮ ከመካ ተነስቶ በቀጥታ አይመጣም። መጀመሪያ ሰማይ ወጥቶ ነው የሚወርደው። ፊቱን ከፀሐይ መግቢያ ወደ ግራ ሳብ አድርጊውና ወደ ሰማይ ቀና አድርጊው። ሪሲቨሩ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚያሳያችሁ ሁለት የሲግናል መስመር አለ፤ የላይኛው አያታልላችሁ፣ ቁም ነገሩ የታችኛው ነው።»

«ከፀሐይ መግቢያ ወደ ግራ? ጀርባው እኮ ለመካ ሊሆን ነው!»

«እንደዛ ካልሆነ አያሳይም።»

እንግዲህ አባቷ ከወንበራቸው ሆነው ጣሪያውን አያዩም። ዝም ብላ ብታዞረው ማን ያውቅ ነበር? ነገር ግን በጾም አፏ፣ ያውም በዚያ ቀን፣ አባቷን ማታለል አልሆነላትም። ወርዳ ፊታቸው ቆመችና እንዳለ ነገረቻቸው።

አብዱረዛቅ መቁጠሪያቸውን ጨበጡት። «እንዲህ ከሆነ ይቅር» አሉ። «እኔ እንኳንስ ጀርባዬን፣ እግሬን ወደ ቂብላ ዘርግቼ ተኝቼ አላውቅም። በእኔ ጣሪያ ላይ ለከዕባ ጀርባውን የሚሰጥ ነገር አይቆምም።»

«ማሎ አቦ፣ ዕቃ እኮ ነው» ብላ ለመነቻቸው።

«ይቅር አልኩ። ድሮስ ያልተጠራ ሰው ምን ሊያይ ነው?»

ሮማነወርቅ ነገሩ የቤተሰብ መሆኑ ገብቷት ዓይኗን ወደ ደጅ መለሰች። ኡምኩልሱም ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ማልቀስ አምሯት ነበር። አላለቀሰችም፤ የምታስበው ነገር ነበራት።

«አቦ፣ ሑጃጁ ዛሬ የት ናቸው?»

«ዐረፋ ናቸዋ። አታውቂም?»

«ከመካ ወጥተው?»

«ወጥተው።»

«ወደ ዐረፋ ሲወጡ ከዕባ በፊታቸው ነው የሚሆነው ወይስ በኋላቸው?»

አብዱረዛቅ ልጅቱን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ እንደገና ልጅቱን አዩ። ሽማግሌው ዋሽተው አያውቁም፤ እዚህ ላይም አልዋሹም።

«በኋላቸው» አሉ በመጨረሻ።

«ጀርባቸውን ሰጥተው ነዋ የሚሄዱት፣ ያውም ለትልቁ ቀን። ታዲያ ይሄ ምስኪን ዲሽ ምን አጠፋ?»

ከነጩ ጺም ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ፈገግታ ነበር፣ ቢሸሽጉትም። «ኢንተላ ቲያ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሆዳቸው ሲራራ የሚናገሯት ቃል ናት። «ቁርጥ እናትሽን። በይ ቶሎ ውጪ፣ ፀሐይዋ አትጠብቅሽም።»

መሰላሉን ስትወጣ ጎረቤቶቹን ማስጠንቀቁንም ረሳችው። አሁን ሳቅ የለም፤ የሰፈሩ ሴቶች ወሬውን ሰምተው ከየጓሯቸው አንጋጠዋል። ኡምኩልሱም የዲሹን ጀርባ ለቂብላ ሰጥታ ፊቱን ቀና አደረገችው። በቤቷ ሪሞት ነክታ የማታውቀው ሮማነወርቅ (ሪሞቱ የባሏ የነጋሽ ንብረት ነው) ዓይኗን ሁለቱ መስመሮች ላይ ተክላ ትጮኻለች።

«የላይኛው መጣ!»

«የላይኛውን ተይው፣ የታችኛው?»

«የለም! ቆይ፣ ቆይ! መጣ! ወይኔ ሄደ! የት ወሰድሽው? መልሺው!»

መለሰችው። ሄደ። በጣት ገፋ አደረገችው፤ ሄደ። የቆርቆሮው ጠርዝ መዳፏን ቧጨራት፤ በቀሚሷ ጠርጋ ቀጠለች። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ የሰፈሩ ጥላ መርዘም ሲጀምር ሴቶቹ አንድ በአንድ ለማፍጠሪያው ወደ ማድቤታቸው ገቡ። እሷ ግን ያን ሱሪ እንደፈታችው ፈታችው፣ አጠበቀችው፣ ደግማ ፈታችው፤ አንድ ጊዜ ትንፋሿን ይዛ የፀጉር ያህል ወደ ሰማይ ብታነሳው፣ ከታች ሮማነወርቅ ስለት የሰመረላት ያህል እልልታዋን አቀለጠችው።

ኡምኩልሱም ብሎኑን አጥብቃ ስትወርድ ምስሉ ቴሌቪዥኑን ሞልቶት አገኘችው። ሜዳው ነጭ ነው። ተራራው ሰው ለብሷል። እጆች ሁሉ ተዘርግተዋል። አብዱረዛቅ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ።

«ድምፅ ግን የለውም እኮ» አለች ሮማነወርቅ።

እውነቷን ነው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ አፉን ይከፍታል እንጂ አይሰማም። ኡምኩልሱም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገብታ ገመዶቹን ነካካች። የድምፁ ገመድ ከጫፉ ተበጥሷል። ፀሐይዋን በመስኮት አየቻት፤ ገና ናት። «ሱቅ ሮጬ አዲስ ገመድ ይዤ ልምጣ» ብላ ሻርፗን አነሳች።

«የትም አትሂጂ» አሉ አባቷ። «ምን እንደሚሉ አውቀዋለሁ።»

ነጭ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ከወንበሩ ለመነሳት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እንቢ አለ፤ ተዉት። ከዚያ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ጎላ እያለ፣ በኋላ ሂርና ላይ የመኪና ረዳት ይጠሩበት በነበረው ድምፅ፣ ዝም ላለው ሕዝብ ሁሉ ድምፅ ሆኑለት፤ «ለበይክ አላሁመ ለበይክ። ለበይክ…» እንባቸው ጺማቸውን አርሶ ጋቢው ላይ ይወርዳል፤ አልጠረጉትም። ቤቱ በድምፃቸው ተሞላ።

ሮማነወርቅ ዓረብኛ አታውቅም። የኡምኩልሱምን ክንድ ይዛ በጆሮዋ «ምን እያሉ ነው?» አለቻት።



«አቤት እያሉ ነው» አለች ኡምኩልሱም። «ተጠርተው።»