ከጋርደርሞን ወደ ቦሌ

እናቴ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን መቀየር ስለሚያስፈራት፣ አብሯት የሚጓዝ ሰው ካጣች አገር ቤት ሳትሄድ ትቀር ነበር። ከኦስሎ አዲስ አበባ አውሮፕላን ሳያስቀይር የሚያደርስ በረራ በተጀመረ ሰሞን ግን ብቻዋን ልትሄድ ቲኬት ቆረጠች።

ጋርደርሞን አየር ማረፊያ የኮፐንሃገንና የለንደን መንገደኞች ትንሽ ቦርሳ ይዘው ሽው ይላሉ። የኛ ሰልፍ በገመድ የታሰረ የሻንጣ ተራራ ነበር።

«እማዬ፣ አውሮፕላኑ ስቶክሆልም ሰው ሊጭን ሲያርፍ እንዳትወርጂ» አልኳት።

«ያ ያ፣ ገባኝ! ስንቴ ትነግረኛለህ?» አለች፣ የኖርዌዮቹን «እሺ እሺ» ቀላቅላ።

ይህን ጊዜ ከኋላችን የቆሙ አንዲት አዛውንት፣ «ልጄ፣ ብቻዬን ነኝ፤ ፈራሁ» አሏት።

እናቴ ቀና አለች። «እኔ እያለሁ ምን ያስፈራዎታል? ስቶክሆልም ላይ ብቻ እንዳይወርዱ!»

ክንዳቸውን ይዛ ወደ ፍተሻው ገባች። እኔን መሰናበቱንም ረሳችው፤ መረሳት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።