ወላሂ ያልኩበት ቅባት

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ አንገትጌ ነው የምሰፋው፤ እጅጌውንም ኪሱንም የሚሰፉት ሌሎች ናቸው። የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የምጠራትም "እማ" ብዬ ነው።

ደመወዝ ከወጣ በኋላ ያለውን እሑድ ደሴ ነበር የማሳልፈው። ኮምቦልቻም ሱቅ ሞልቷል፤ ግን ከደሴ የተገዛ ነገር ለእኛ ለፋብሪካ ልጆች ሌላ ክብር ነበረው። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጨርስ ብርዱ በመስኮት ይገባል፣ እኔ ሻርፔን እደርባለሁ፣ ፒያሳ ወርጄ ከሱቅ ሱቅ ስዞር እውላለሁ። አንድ ቀን ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ፣ አንድ ቀን ሒጃብ፣ አንድ ቀን የከንፈር ቀለም። እማ እንዳታይብኝ በሥራ ልብሴ ጠቅልዬ ነበር የማስገባው። ጫማው ለኮምቦልቻ አቧራ እንደማይሆን ስገዛውም አውቅ ነበር፤ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ቀረ። የምወደው ጫማውን ሳይሆን ሱቅ ስገባ "እህት፣ ምን ልስጥሽ?" መባሉን ነበር መሰለኝ። ፋብሪካ ውስጥ የምንጠራው በማሽናችን ቁጥር ነው።

ከገዛሁት ሁሉ የጎዳኝ ግን ስልኬ ነው። ካሜራው ፊትን በራሱ ያቀላል፣ ጉድፍ ያጠፋል፣ አፍንጫ ያቀጥናል። መጀመሪያ አይቼው ሳቅኩ። እየቆየ ሲሄድ ግን የስልኩን ፊት የራሴ አድርጌ ለመድኩት፤ መስታወት ፊት ስቆም ነበር ሌላ ሰው የማየው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰቦቹ ደሴ አጠገብ ገራዶ የሚኖሩ ዘመድ ነበራት። ሚስት እየተፈለገለት ነውና ፎቶ ላኪ አለችኝ። የላክሁት የስልኩን ፊት ነው። በሦስተኛው ቀን እየሮጠች መጣች።

"እናቱ ወደዱሽ! 'ጨረቃ ናት' አሉ። በሚመጣው ወር ገራዶ ሠርግ አለን፣ እዚያ ትምጣና በዓይናችን እንያት ብለዋል።"

ደስ ሊለኝ ሲገባ የላክሁትን ፎቶ መልሼ ከፍቼ አየሁት። ገራዶ ድረስ ሄጄ ጨረቃዋን ከየት ላምጣላቸው?

ፒያሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ አንዲት ጠባብ የቅባትና የሽቶ ሱቅ ነበረች። ባለቤቷ አርባውን የተሻገረች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። በዚያው ሳምንት እሑድ ገባሁና "ቶሎ የሚያቀላ ቅባት አለሽ?" አልኳት። በዕድሜ ታላቄ ናት፣ "አለዎት" ማለት ነበረብኝ። ግን ገንዘብ ይዤ ሱቅ ስገባ እንዲህ መናገር ለምዶብኝ ነበር።

"ለማን ነው?" አለችኝ።

ፊቴን እያጠናች ነበርና "ለኔ" ማለት አሳፈረኝ። "ለሙሽራ ነው፤ ለእጇና ለእግሯ።"

"አለኝ። ለፊት ግን አይሆንም፣ ያቃጥላል። እንዳንቺ ዓይነቱ ስስ ቆዳ ላይማ ጭራሽ አይነካም።" ከመደርደሪያው ቫዝሊን አውርዳ ፊት ለፊቴ አስቀመጠችው። "ለራስሽ ከሆነ ይሄ ይበቃሻል። ምን ጎደለሽና?"

"ለኔ አይደለም አልኩሽ እኮ! ካልሸጥሽልኝ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።"

ቫዝሊኑን ወደ መደርደሪያው መለሰችና "ወላሂ በይ" አለችኝ።

"ወላሂ።"

ለአፌ ምንም አልከበደውም። ቅባቱን በጥቁር ፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ።

በሳምንቱ ፊቴ ፈካ። "ምን ተቀባሽ? ቀላሽ እኮ!" የፋብሪካ ልጆች ሲሉኝ "ውኃ እያበዛሁ ነው" እላቸው ነበር። እነሱም ውኃ ማብዛት ጀመሩ፤ ሳይ ደግሞ በውስጤ እስቅባቸው ነበር። አንድ ጊዜ የምቀባውን ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱን ሦስት አደረግሁት። ሠርጉ ዐሥር ቀን ሲቀረው አንድ ከሰዓት ሸሚዝ የሚተኮስበት ክፍል አጠገብ ሳልፍ፣ የካውያው እንፋሎት ሲነካኝ ጉንጬ በርበሬ የተነሰነሰበት ያህል ነደደ። በማግስቱ ቆዳዬ ይላጥ ጀመር። ከሥሩ የወጣው ቀይ ሥጋ ነው፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ከድሮው መልኬ የባሰ ጠቆረ።

ሁለት ቀን በማስክ ተሸፋፍኜ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን እማ እራት ላይ "አውልቂው" አለችኝ። ማስኩን ሳወርድ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ሱብሃነላህ! ምን ተቀባሽ?"

እውነቱ አፌ ውስጥ ነበር። ለማያውቁኝ ሰዎች የውሸት ፎቶ ልኬ፣ ያንን ለመምሰል ብዬ ነው ማለት ግን አልቻልኩም። "ደሴ ያለች ባለ ሱቅ ናት። ማለስለሻ ብዬ ጠየቅኋት፣ ይሄን ሰጠችኝ" አልኩ።

"ለፊት ነው ብላ?"

"አዎ።"

እማ የሰው ሐቅ ሲነካ ዝም ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። ገበያ ላይ ሚዛን ያጎደለን ነጋዴ የማታውቀው ገዢ ሲበደል እንኳ ቆማ ትከራከራለች። ጎረቤት ሲጣላ የሚጠራው እሷን ነው። ስለዚህ "አዎ" ስል ምን እንደሚከተል ማወቅ ነበረብኝ። አወቅሁም። በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ጉዞውን ሁሉ መኪናው በተበላሸ እያልኩ ነበር።

ሱቋ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። እማ ደጃፉ ላይ ቆማ ሻርፑን ከፊቴ ላይ ገለጠችው።

"እዪው! እናት የሌላት ልጅ ናት፣ በእጄ ያሳደግኋት። ፊቷን አቃጠልሽው! ለፊት ነው ብለሽ መርዝ ትሸጫለሽ? አላህን አትፈሪም?"

መንገደኛው ቆመ። የጎረቤት ነጋዴዎች ከየሱቃቸው ብቅ አሉ። ባለ ሱቋ እማን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። "ወላሂ ብላኝ ነው" ልትል ነው ብዬ ጠበቅሁ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ፤ ሲሚንቶው ላይ የተፈጨ ማስቲካ ነበር፣ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

"ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፤ ፀሐይም አይንካት" ብቻ ነበር ያለችው።

"ሌላ የምትዪው የለሽም?"

"የለኝም።"

ዝምታዋ ጥፋተኛ አስመሰላት። ደንበኞቹ የያዙትን መልሰው ወጡ። እማ ወደ ሆስፒታል ስትወስደኝ ትከሻዬን አቅፋ ነበር፤ ያ እቅፍ ከፊቴ በላይ ለበለበኝ። ሐኪሙም ማን ቅባቱን እንዳዘዘልኝ ሲጠይቀኝ፣ እማ አጠገቤ ነበረችና ያንኑ ውሸት ደገምኩት።

ገራዶ ሳልሄድ ቀረሁ፤ ታምሜያለሁ አስባልኩ። ልጁ ቆይቶ ሌላ አገባ። ፎቶው የኔ እንዳልነበረ እነዚያን ሰዎች እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ፊቴ በወራት ውስጥ ዳነ፤ ከግራ ዓይኔ ሥር ጥቁር ምልክት ቀርቷል። እማ ግን ነገሩን አልተወችውም። በየቤቱ "ከእንትና ሱቅ እንዳትገዙ፣ ልጄን አቃጠለችብኝ" ትላለች፤ ደሴ የሚሄድ ሰው ካገኘች ቦታውን አስረድታ ታስጠነቅቃለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሴቶቹ አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃን ያዞሩና "ወይኔ ልጄ፣ ምን አደረገቻት!" ይሉኛል።

ዓመት ሊሞላ ሲል ብቻዬን ወደ ደሴ ወጣሁ። ሱቋ አለች፤ መደርደሪያዎቹ ግማሽ ባዶ ናቸው። ገና ስገባ አወቀችኝ።

"አሰላሙ ዐለይኩም" አልኩ። "አፉ ይበሉኝ ልል ነው የመጣሁት። ዋሽቻለሁ። ለኔ ነበር። አክስቴንም የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

ዱካ አውጥታ አስቀመጠችኝ። እሷ ቆማ ቀረች።

"ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?" አልኳት።

መደርደሪያውን ተደገፈች። "ሰው ቸር ነሽ እንዳይለኝ እውነቱን ልንገርሽ። ላንቺ እንደሆነ ገና ስትገቢ አውቄያለሁ። ስንቷ ሙሽራ ብላኛለች መሰለሽ? ወላሂ ያስባልኩሽ ውሸትሽን ልይ ብዬ አይደለም። እንድሸጥልሽ ነው። ከማልሽ ጥፋቱ ያንቺ ይሆናል ብዬ ነው። አክስትሽ ፊትሽን ስትገልጠው ምን አፍ ይኖረኛል?"

ለቁጣዋ ነበር ተዘጋጅቼ የመጣሁት።

"ያንን ቅባት ከዚያ ቀን ወዲህ አላስገባሁም" አለች። "እኔ አፉ ብዬሻለሁ፣ አንቺም አፉ በይኝ። አክስትሽ ግን በስሜ ብዙ ተናግራለች፤ እዚህ ድረስ ሰምቻለሁ። በውሸትሽ ሐቅ ተሸክማለች። የምትነግሪው ለሷ ነው።"

ለእማ የነገርኳት በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ነው። ልብስ እያጠበች ነበር። ስጨርስ አልጮኸችም፤ ብትጮኽብኝ በወደድኩ። እጇን ከአረፋው አውጥታ አየችኝ።

"ሰው ፊት አቆምሽኝ" አለች። "በዚህ ዕድሜዬ ሐሰተኛ ምስክር አደረግሽኝ።"

ያጠበችውን አስጥታ ጨረሰች፣ ልብሷን ቀየረች፣ "ተነሽ" አለችኝ። ደሴ ስንደርስ በሱቋ ደጃፍ፣ ያኔ በጮኸችበት ቦታ ቆመች። በቀስታ መናገር ትችል ነበር። እሷ ግን ጎረቤት ነጋዴዎቹን "ኑ፣ ያን ቀን የሰማችሁ ይሄንንም ስሙ" ብላ ጠራቻቸው።

"እህቴ፣ ያለ ሐቅሽ ወርፌሻለሁ። ልጄ ዋሽታኝ ነው። አፉ በይኝ" አለችና ጉልበቷን ልትይዝ ዝቅ አለች። ባለ ሱቋ ደንግጣ ከመንበርከኳ በፊት ያዘቻት። "ኧረ በአላህ! እኔም አለሁበት፣ እኔም አለሁበት" ትላለች። ሁለቱ ተያይዘው ሲያለቅሱ እኔ ቦርሳ ይዤ ቆሜያለሁ። ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጋች ሴት፣ በሰፈሩ የታፈረች፣ በኔ ምክንያት መንገድ ዳር ስታጎነብስ ያየሁትን ያህል በሕይወቴ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ነገሩ በዚያ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ኮምቦልቻ ስንመለስ ወደ ቤት አልገባንም። እማ ሴትዮዋን ያማችባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች።

"እኔ አንኳኳለሁ፣ የምትናገሪው አንቺ ነሽ" አለችኝ።

በመጀመሪያው ቤት ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጀመርኩት። በሁለተኛው ቤት ልጃቸው ስልኩን እየነካካ ከት ብሎ ሳቀብኝ። በሦስተኛው ቤት ያሉት አሮጊት ሰምተው ሲያበቁ አዘኑልኝ።

"ተያት እንጂ፣ ልጅ እኮ ናት" አሏት እማን።

እማ እኔን አየችኝ።

"ልጅ አይደለሁም" አልኳቸው። "ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው።"

አሮጊቷ መርቀውን ወጣን። ገና አራት ቤት ይቀረን ነበር።