ጀሪካን ይዤ ድልድይ ስሻገር

እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ቪላ፣ ለአንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ አስጠና ነበር። እናቷ እንደ ሁልጊዜው ሻይና ብስኩት አቀረበችልኝ። ብስኩቱን ገመጥኩት። ከአፌ ሳወጣው ጠርዙ ቀልቷል። ደም ነው። ተማሪዬ አይታዋለች። እኔ ግን ቶሎ በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና «ቀጣዩን ጥያቄ ሥሪ» አልኳት።

ስኳር እንዳለብኝ ካወቅኩ ያኔ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው የተነገረኝ፤ ዓይነት አንድ የሚባለው፣ ያለ ኢንሱሊን የማይኖሩበት። ከአባቴ በቀር ማንም አያውቅም። አባቴ በፖለቲካ ምክንያት ተሰዶ ካርቱም የገባ የቀድሞ መምህር ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን።

መርፌዬን የምወጋው በር ዘግቼ ነበር። ከቤት ውጭ ከሆንኩ እዘለዋለሁ። የሰው ቤት ሻይ ሲቀርብልኝ፣ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር እንደ አሸዋ ተኝቶ እያየሁት፣ «አይስማማኝም» ማለት አፍሬ እጠጣለሁ። በቀን ሦስት ቤት አስጠናለሁ። ሦስት ብርጭቆ ማለት ነው።

ከዚያ እሑድ በኋላ ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ድዴ አብጧል፤ ስቦርሽ ይደማል። ሲብስብኝ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ገዝቼ እውጣለሁ። ሽንቴ አረፋ ይይዛል። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቦይ አበጅቶ አገኘዋለሁ። ለአባቴ ሳልነግረው ሦስት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ እሱ ራሱ እግሬን አይቶ «ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ተማሪዎችሽ አንድ ቀን ቢያርፉ ደስታቸው ነው» አለኝ።

ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት፤ የምትናገረው ቀስ ብላ ነው። ሽንቴ ውስጥ ወረቀት ነከረች። የወረቀቱ ቀለም ተለወጠ።

«ፕሮቲን አለ» አለች። «ኩላሊት ሊሆን ይችላል። ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል። ገና አላወቅኩም።»

ከዚህ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ሰፈራችን ውስጥ ደሙን በማሽን ለማሳጠብ በሳምንት ሁለት ቀን ዲያሊሲስ የሚሄድ ሰው አለ። እሱን አሰብኩ። በመርፌ ብዛት ያበጠ ክንዱን አሰብኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አባቴ እጄን ያዘ።

ሐኪሟ እስክረጋጋ ጠብቃ እንደገና አስረዳችን። «የበዛ ስኳር ደም ሥርን ከውስጥ ያቆስላል። ሰውነት ቁስል ሲያገኝ ይቆጣል፤ ቁጣው ብግነት ይባላል። ቁጣው ካልበረደ ራሱ ያቆስላል። የድድሽ ብግነት ስኳርሽን ከፍ ያደርጋል፣ ስኳሩ መልሶ ድድሽን ያባብሳል። ኩላሊትና ዓይን ደግሞ ቀጫጭን ደም ሥር የሞላባቸው ናቸው፤ ቶሎ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።» ስለ ዳይክሎፌናኩ ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። «ከዛሬ ጀምሮ አንድም እንዳትውጪ። ለስኳር ሕመምተኛ ኩላሊት ጠላት ነው።»

ከዚያ የሃያ አራት ሰዓት ሽንት አጠራቅሜ እንዳመጣ አዘዘችኝ። አሠራሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ትደፋላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የማግስቱን የመጀመሪያ ሽንት ጨምሮ፣ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ታጠራቅማላችሁ። ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት። አንዴ እንኳ ከቀረ ወይም ከፈሰሰ ውጤቱ ይሳሳታል፤ እንደ አዲስ ይጀመራል። ላቦራቶሪው መያዣ ስላለቀበት ንጹሕ የውኃ ጀሪካን ይበቃል አሉኝ። መብራት በየቀኑ ስለሚጠፋ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ከዚሩ፣ ከውኃ ማቀዝቀዣው የሸክላ ጋን፣ ሥር አስቀመጥኩት። አባቴ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ዓይኑን ሰበር ያደርጋል፣ የማላየው መስሎት።

ሱዳን ውስጥ አሮጌው መንግሥት ወርዶ ሽግግሩ የተጀመረበት ዓመት ነበር። ጀሪካኑን የማደርስበት ጠዋት ሰልፍ ሆነ። ላቦራቶሪው ከአል-ማንሺያ ድልድይ ማዶ ነው። አባቴ «ልያዝልሽ» ብሎ ነበር፤ ጉልበቱን ስለሚያመው እምቢ አልኩት። የረክሻው፣ የባጃጁ፣ ሹፌር ድልድዩ አፍ ላይ ሞተሩን አጠፋ። «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ከዚህ ወዲያ መንገዱ ዝግ ነው። ያላ፣ በእግርሽ ሂጂ።»

ጀሪካኑን አቅፌ ተሻገርኩ። ከማዶ ወጣቶች ጡብና ድንጋይ ደርድረው ወደ ሰልፉ የሚገባውን ሁሉ እየተቀባበሉ በትሕትና ይፈትሻሉ። ከዳር የቤንዚን ወረፋ የያዙ መኪኖች መጨረሻቸው አይታይም። ጆንያው ሸርተት ብሎ ቢጫው ፈሳሽ ታየ።

«ሐበሽያዋ ቤንዚን ይዛለች!» ብሎ አንድ የሚኒባስ ሹፌር በመስኮት ወጣ። «ያ ኡኽቲ፣ እዚህ ሳድር ሁለተኛ ቀኔ ነው። ግማሹን ሽጪልኝ፤ የምትወለደውን ልጄን በስምሽ እጠራታለሁ!»

ሰው ዞረ። ባንዲራ ትከሻዋ ላይ የጣለች ፈታሽ ወደ እኔ መጣች። «ይቅርታ እህቴ፣ ቤንዚን ወደ ሰልፉ አይገባም። ልክፈተው?» ክዳኑን ያዘች።

«አትክፈቺው!»

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ውሸት ፈለግኩ። አልመጣልኝም።

«ሽንት ነው» አልኩ በዓረብኛ። «የኔ ነው። ሱካሪ አለብኝ። ኩላሊቴን ሊያዩልኝ ነው።»

በሰባት ዓመት ውስጥ በሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ማለቴ ነበር፤ ያውም ለአንድ መንገድ ሙሉ ሕዝብ።

ሹፌሩ አንገቱን ወደ መኪናው መለሰ። «እንግዲህ» አለ ከውስጥ፣ «የልጄን ስም ነገር ትንሽ ላስብበት።»

ፈታሿ ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅኩ፤ ጀሪካኑ ደረቴ ላይ እስኪንቦጨቦጭ። ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጥ ወፍራም ሴት ግን ሹፌሩን «ምን ያስቀልድሃል? እኔም ሱካሪ አለብኝ!» ብላ ተቆጣች። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «ልጄ፣ እግርሽን በየማታው ታያለሽ? በጣቶችሽ መሐል?» አለችኝ። አላይም አልኳት። «እዪ! እኔ ሳላይ ቀርቼ አንድ ጣት ሄዷል።»

ፈታሿ እጄን ይዛ ከፊቴ ቀደመች። «መንገድ ልቀቁ! ለኩላሊቷ መንገድ!» ትላለች። ከኋላ ያሉት ተቀበሉት፤ በጭብጨባ እየመቱ «ለኩላሊቷ መንገድ!» ይላሉ። ነገሩን የማያውቁት ሳይቀሩ ይጮሃሉ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ቀለል ብሎኝ አያውቅም። አንዲት ጠብታ ሳትፈስ ላቦራቶሪው በር ላይ አደረሱኝ።

ውጤቱ ከአራት ቀን በኋላ ደረሰ። «አልቡሚን፣ ያ ፕሮቲን፣ ከልኩ በላይ አለ» አለች ሐኪሟ፣ «ግን መጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። ኢንፌክሽን የለም። ኩላሊትሽ ደም ማጣራቱን አላቆመም። በጊዜ መጥተሻል።» አባቴ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ፤ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ ይመስለኛል።

ማገገሙ ቀስ ያለ ነበር፣ ግን ደስ ይል ነበር። ኩላሊትን ስለሚጠብቅ ሊሲኖፕሪል የሚባል ክኒን በትንሽ መጠን ጀመርኩ፤ ሐኪሟም ማርገዝ ካሰብኩ አስቀድሜ እንድነግራት፣ መድኃኒቱ ለፅንስ እንደማይሆን አስጠነቀቀችኝ። የጥርስ ሐኪም ድዴን በሁለት ቀጠሮ አጸዳልኝ፣ መድማቱም በወሩ ቆመ። ኢንሱሊኔን የትም ብሆን በሰዓቱ እወጋለሁ፤ ስለነገርኳቸው ተማሪዬ እንዲያውም ሰዓቱን እያየች «መምህር፣ መርፌሽ!» ትለኛለች፣ እናቷም ሳልጠይቃት ሻዩን ያለ ስኳር ታቀርባለች። ዓይኔን አስመረመርኩ፣ ደህና ነው። ካልሲዬ ቦይ ማበጀቱን ተወ። በስድስተኛው ወር አንድ ሐሙስ ዕለት ሐኪሟ ወረቀቱን አገላብጣ «አልቡሚንሽ ልኩ ውስጥ ገብቷል» አለችኝ። ምርመራው በየጊዜው ይቀጥላል፤ መድኃኒቱም እንደዚሁ።

ለሐኪሟ፣ ለአባቴ፣ ስማቸውን ለማላውቃቸው የድልድዩ ልጆችና ለሻይ ሻጯ እናት ምስጋናዬ ብዙ ነው። ይህን የምታነቡ ሕመምተኞች ሆይ፣ የሚደማ ድድን አትናቁ። ማስታገሻ ከመዋጣችሁ በፊት ጠይቁ። ኩላሊት ሳያም ነው የሚጎዳው፤ ስለዚህ ሳያማችሁ ሽንታችሁን አስመርምሩ። ከሁሉም በላይ ለአንድ ሰው ንገሩ። አንድ ሰው ይበቃል።

የዚያ ሐሙስ ማግስት ዓርብ፣ የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ቀን ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና ከጸሎት በኋላ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ተነሥቼ ቆምኩ። ስኳር እንዳለብኝ ነገርኳቸው፤ እስከ እኩለ ቀን የሚሠራ ላቦራቶሪ እንዳለም ነገርኳቸው። አንዷ «መርፌው ጾም ያስገድፋል?» አለችኝ። መርፌ ምግብ አይደለም አልኳት፤ በጾም ሰዓት መጠኑን እንዴት እንደምታደርግ ግን ሐኪሟን ትጠይቅ። አል-ማንሺያ ሰፈር ሰው ቤት ምግብ አብሳይ የሆኑት እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፉና «በሉ ተነሡ፣ እኔም ሁለት ዓመት ደብቄዋለሁ» አሉ። በሁለት ረክሻ ተጠጋግተን አምስት ሆነን ሄድን። እትዬ ዘነበች ኩባያውን ይዘው ከመጸዳጃው ውስጥ ተጣሩ፦ «አንቺ ልጅ! ሰው እያወቀ አይመጣልኝም እኮ!»

ገብቼ ውኃው እንዲንሿሿ ቧንቧውን ከፈትኩላቸውና ከበሩ ውጭ ቆሜ ጠበቅኳቸው።