እዝዝ የማይል ገመድ

ልጄ ነጃት አሶሳ ውስጥ ሠርግ በመቅረፅ ነው የምታስተዳድረን። ሰሞኑን ቡለን ላይ ለሚደገስ ሠርግ ተጠርታ፣ ሚክሰር የሚሉትን የድምፅ ማቀላቀያ ከካሜራዋ ጋር ሳሎን ውስጥ ስታገናኝ፣ እዝዝ የሚል ድምፅ እኔ ድስት ወደማጥብበት ጓሮ ድረስ መጥቶ ማጠቤን አስተወኝ። ሁለቱንም ግድግዳው ላይ ካለው የመብራት ሶኬት ሰክታቸው ኖሯል። ካሜራውን ከግድግዳው ነቅላ በገዛ ባትሪው ስታደርገው እዝዝታው ጠፋ። ቀጥሎ ከሚክሰሩ የሚመጣው ድምፅ ለካሜራው በዝቶበት ሲሰነጣጠቅባት፣ የካሜራውን የድምፅ መቀበያ መጠን ዝቅ አደረገችና «እማ፣ አሁን ጠራልኝ» አለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ድስቱን ጥዬ ተነሳሁ። ዝምታው ስላስፈራኝ ብቻ «ነጃት» ብዬ ተጣራሁ። «አቤት» አለችኝ።

በደርግ ጊዜ ከወሎ ወደዚህ ወደ አሶሳ በሰፈራ ስንመጣ እኔ የወተት ጥርሴን ገና እየነቀልኩ ነበር። መንደራችን መሃል ረጅም ግንድ ተተክሎ፣ ጫፉ ላይ እንደ ዱባ አበባ አፉን የከፈተ ድምፅ ማጉያ ታስሮ ነበር። ካድሬው ሊናገር ሲል መጀመሪያ ማሽኑ እዝዝ ይላል፤ ቀጥሎ ካድሬው ፉ፣ ፉ ይልበታል፤ ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ያን ሁሉ ጨርሶ ነው ለጦርነቱ የሚፈለጉትን ወጣቶች ስም የሚጠራው። እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ እስኪጨርስ የመንደሩ ወጣት ሁሉ ቀርከሃው ጫካ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ ልጅ፣ በሬ ጠፍቶበት ፍለጋ ሄዷል ይባልለታል። የመንደራችን በሬ እንደዚያ ሰሞን ጠፍቶ አያውቅም፤ በሬ ኖሮት የማያውቅ ቤት እንኳ በሬ ይጠፋበት ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ የአገሩ ተወላጅ፣ በርታ ነበረች። አማርኛ የተማረችው ከኛ ጋር ማንጎ በጨው ስትለዋወጥ ስለነበር ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የምትለው። እዝዝታውን ስትሰማ አጥራችን ላይ ብቅ ትልና እናቴን «አንተ ፋጡማ፣ ልጅህን አስነሳ፤ ያ እንጨት ዛሬ ሰው ሊበላ ነው» ትላታለች። ታላቅ ወንድሜ ይማም በ«አንተ ፋጡማ» እየሳቀ ይሮጣል። ቀርከሃው ከኋላው ገጠም ሲል እናቴ ያመቀችውን ትንፋሽ ትለቃለች፣ እኔም እሷን አይቼ እለቃለሁ።

አንድ ቀን ከከተማ ባለሙያ መጣ። ግንዱ ላይ ወጣ፣ አሮጌውን ገመድ አወረደ፣ አዲስ ዘረጋ፣ ሲፈታ ሲያጠብቅ ዋለና መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። እኛ ልጆቹ ሥራው አምሮን ስናጨበጭብለት ነበር።

በማግስቱ ይማም ያረጀውን የቤታችንን አጥር ነቅሎ በአዲስ ቀርከሃ ያጥራል። አንድ ሚሊሻ ደግሞ ከፀሐይ ሸሽቶ አጥራችን ጥላ ሥር ቆሟል። እዝዝ የሚል የለ፣ ፉ የሚል የለ፣ አጠገባችን የቆመ ሰው እንደሚናገር ሆኖ ማጉያው «ይማም ሰይድ» አለ። ወንድሜ፣ ታላቅ ሰው ሲጠራው ዝም ማለት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነው። ቀና ብሎ «አቤት» አለ።

እናቴ ሮጣ አፉ ላይ እጇን ጫነችበት፣ የወጣውን ቃል መልሳ የምታስገባ ይመስል። ሚሊሻው ራሱ አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር። ቢሆንም ወሰደው። አጥሩ እግማሹ ላይ ቀረ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ማንንም አላስቀጠለችም፤ በዚያ ክፍት የሰው ፍየል እየገባ ጎመናችንን ሲጨርስ እንኳ «ይማም መጥቶ ይጨርሰዋል» ነበር መልሷ።

አልመጣም። ፎቶ አልነበረውም። ያ እዝዝታ እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ የወንድሜ «አቤት» ግን ወፍራም ይሁን ቀጭን ጠፍቶብኛል። ሌት ተቀን ብፈልገው አላገኘውም፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ የለውም።

ነጃትን አትሂጂ ብያት ነበር። እዚያው ቡለን አጠገብ፣ ድባጤ ላይ የሆነውን ግድያ ሸሽተው ከመጡት ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ። «እማ፣ መንገዱ ሰላም ነው አሉ» አለችኝ። ሰላም ነው የሚሉት እኮ ሄደው የተመለሱት ናቸው። ያልተመለሰውን ማን ይጠይቀዋል? እሷ ግን ሳቀች፤ ገመዷን ጠቅልላ፣ ያን ቀን ስጠራት የመለሰችልኝን «አቤት» ካሜራው ይዞት ኖሮ ስልኬ ላይ ጫነችልኝና «ስናፍቅሽ ስሚኝ፣ አንድም እዝዝታ የለውም» ብላኝ ሄደች።

ሠርጉ አልፏል። ስልኳ አይገባም፤ ጎረቤቶቼ ኔትወርክ ነው ይሉኛል፣ ክፈቺና ድምጿን እየሰማሽ ተረጋጊ ይሉኛል። ስልኩ መቀነቴ ውስጥ ነው፤ አልከፍተውም። የይማምን አንዲት «አቤት» ለመስማት ያለኝን ሁሉ እሰጥ ነበር። የነጃትን ግን ከስልክ አልፈልገውም፤ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ ድምጿ ከመንገድ ብዛት ጎርንኖ፣ እዚሁ በሩ ላይ ስጠራት ከአፏ ነው የምፈልገው። በሩን ከፍቼ እየጠበቅኳት ነው።