ከንግግሩ በፊት ይሰማ የነበረው ትንፋሽ

የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ጅማ አጠገብ ባለችው ሰርቦ በገበያ ቀን የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ሲይዙ ወዲያው አይናገሩም ነበር። መጀመሪያ የኳስ ሜዳውን አንድ ዙር ይሮጣሉ። ከዚያ ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ «ትንፋሼን ስሙ፤ ይህ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት የነበረ፣ መድኃኒቱን ጨርሶ የዳነ ሰው ትንፋሽ ነው» ይላሉ። ሁሉም በሽታውን በሚደብቅበት ከተማ ሕመማቸውን በገዛ አፋቸው የሚያውጁ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እኔም ታምሜ ነበር። ጅማ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ሕክምናውን የጀመርኩት ማንም ሳያውቅ ነው። ጥቂት ወራት እንደቆየሁ ሳሉ ጠፋልኝ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰው እንዳያየኝ እሳቀቅ ስለነበር ላቋርጥ ወሰንኩ፤ ይህንንም ለጋሼ ብቻ ነገርኳቸው።

በሚቀጥለው ገበያ ሩጫውን ግማሽ ላይ አቆሙት። ቡና ጫኞቹ፣ «አቦ ጋሼ፣ ዛሬስ ዔሊም ትቀድምዎታለች» ብለው ሳቁ። ጋሼ በእርምጃ መጥተው ማይኩን ያዙ። ትንፋሻቸው ያፏጭ ነበር።

«ዛሬም ስሙ» አሉ። «መሮጥ ስችል የዳንኩ መስሎኝ መድኃኒቱን አቋርጬ ነበር። ለእናንተ ግን ጨርሻለሁ ብዬ ዋሸሁ። አሁን ተመልሶብኛል። እናንተ እንዳታቋርጡ።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም። እኔ ከሰዉ ኋላ ቆሜ መሬት መሬቱን አየሁ።

እኔ መድኃኒቴን ጨረስኩ። እሳቸው እንደገና ቢጀምሩም አልሠራላቸውም፤ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

አሁን ማጉያውን የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ ስለ ስብሰባና ስለ ዘመቻ ይናገራል። ገበያ በሄድኩ ቁጥር ማጉያው ሲከፈት ቆም እላለሁ። እሱ ግን ወዲያው ንግግሩን ይጀምራል።